ሩዝ ውስጥ የተቀበረ ኮምፒውተር

እኔ የምላችሁ፣ አንድ ሰው «ይኸን በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» ብሎ ያሳያችሁ እንደሆነ አድንቁለት እንጂ አትመኑት። ወንበር ከሆነ ቆማችሁ አመስግኑት። ጠላ ከሆነ ቀመስ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ፣ በእመብርሃን፣ የአማታችሁን የዕድሜ ልክ ታሪክ አታስቀምጡበት። የወንበሩንና የጠላውን ከሰው ሰምቼ ነው፤ የኮምፒውተሩን ግን በራሴ ደርሶ ነው የማወራችሁ።

ወረታ ላይ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በእኛ ከተማ የፊዚክስ መምህር መሆን ማለት ሽቦ ያለው ዕቃ ሁሉ ሲበላሽ የእናንተ በር ይንኳኳል ማለት ነው። ራዲዮ ይመጣል፣ ካውያ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዲት ጎረቤቴ እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮ ታቅፋ መጥታለች፤ «መቼም አንተ የተማርህ ነህ» ብላ። ሰው እንዲህ አምኖ ሲመጣ «አላውቅም» ማለት ይከብዳል። ድሮ እችለው ነበር። መምህር ከተባልሁና ባለትዳር ከሆንሁ ወዲህ ግን ይቺ «አላውቅም» የምትባል ቃል ከአፌ ጠፍታለች፤ ዶሮዋንም ገልብጬ አይቼ «ትንሽ ትረፍ» ብያለሁ።

ኮምፒውተሩንም የሠራሁት በዚሁ ጉራ ነው። ሣጥኑ ባሕር ዳር ካለ አንድ መሥሪያ ቤት የተጣለ ነው። ማዘርቦርዱ ከአንድ ጓደኛዬ፣ ስክሪኑ ከሌላው፣ ሌላው ሌላው ደግሞ ከየትም። እንደ ደቦ እርሻ፣ በሬው ከአንዱ ቀንበሩ ከሌላው ተሰባስቦ ተሠራ። የበራ ዕለት ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። ማራገቢያው ብቻ ድምፁ ለጉድ ነው፤ በልቶ እንደተኛ ሰው ያንኮራፋል። ሚስቴ ጥሩዬ ከጓዳ ብቅ አለችና «ኮምፒውተር ነው ወይስ የንብ ቀፎ?» አለች። ጥሩዬ እንዲህ ናት፤ ስታደንቅም ሳትነካ አታልፍም።

አሁን የኔታን ላስተዋውቃችሁ። የኔታ ማለት የጥሩዬ አባት፣ መሪጌታ አስረስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁሐር ሚካኤል ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው እየፈዘዘ ሄዶ ሲጠፋ ከፋሲካ ወዲህ እኛ ዘንድ መጡ። አንድ ቀን እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ፈተና ስጽፍ ማንኮራፋቱን ሰሙና «ይኸ ሣጥን ሰው የተናገረውን ይይዛል?» አሉኝ። «ይይዛል የኔታ።» «አይረሳም?» «በፍጹም አይረሳም።» ይቺን «በፍጹም» የምትባል ቃል ማን አፌ ላይ እንዳደረጋት እንጃ። ብቻ የኔታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እርሳቸው ሊናገሩ፣ እኔ ልጽፍ፣ ለልጅ ልጆቻቸው የሚሆን የሕይወታቸውን ታሪክ ጀመርን።

ጥሩዬ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ነገር ትለኛለች፦ «ፍላሽ ላይ ገልብጠው።» እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ነገር እመልሳለሁ፦ «ነገ።»

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ገመና ካልነገርኋችሁ የጭንቀቴ ልክ አይገባችሁም። ጥሩዬን ለማግባት ወደ ቁሐር ሽማግሌ ስልክ፣ የላክኋቸው ሦስት ሰዎች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ልጁ ምን አለው?» ሲባሉ «ወረታ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት አለው» ብለው ተመለሱ። ቤቱ የኪራይ ነበር፤ ያውም አንድ ክፍል። ይኸን ስሰማ እህል አልወርድልህ አለኝ። በማግሥቱ ተነሥቼ ወደ ቁሐር ሄድሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። የፎገራን ጥቁር አፈር በሐምሌ የረገጠ ያውቀዋል፤ እግር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። አንዱን ጫማዬን እዚያው ትቼ፣ እስከ ወገቤ ጭቃ ለብሼ የኔታ ደጃፍ ቆምሁና «የኔታ፣ ቤቱ የኪራይ ነው» አልሁ።

የኔታ ያኔ ዓይናቸው ደኅና ነበር። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ግባ፣ እግርህን ታጠብ» አሉኝ። በቃ። ልጃቸውንም ሰጡኝ፣ ስለዚያ ቀን ግን እስከዛሬ ትንፍሽ ብለው አያውቁም። እኔም ልጃቸውን የሰጡኝ አዝነውልኝ ነው፣ «ይኸ ሞኝ ብቻውን ምን ይሆናል» ብለው ነው እያልሁ ኖርሁ። የዕድሜያቸውን ታሪክ በእኔ ሣጥን ሲያስቀምጡ ታዲያ፣ ያ በጭቃ የመጣው ሰውዬ ቁም ነገረኛ መሆኑን የማሳይበት ቀን መጣ ብዬ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጉዳችን እንግባ። በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒውተሩን ለኮስሁት። ማራገቢያው ማንኮራፋት ጀመረ። ከዚያ ከሆዱ ውስጥ «ጢይይይት፣ ጢት፣ ጢት» አለ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቅ አለችና እዚያው ደርቃ ቀረች። አጠፋሁት፣ አበራሁት፤ ጢይይይት፣ ጢት፣ ጢት። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት፤ ያው። በጥፊ መታ አደረግሁት፤ ያው። ፊዚክስ ውስጥ ጥፊ የሚባል ምዕራፍ ባይኖርም የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ስልኬን አውጥቼ ኢንተርኔት ላይ ባነብ ለካ ይኸ ጩኸት ቋንቋ ነው። ቁጥሩ የሕመሙን ስም ይናገራል። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር ከሆነ ጥፋቱ ምስል ወደ ስክሪን የምትልከዋ ካርድ ናት ይላል። ደስ አለኝ። ሕመምተኛው አፍ ካለው ሐኪሙ ምን ይቸገራል? ካርዷን አውጥቼ ባዶውን ሞከርሁት፣ መልሼም ሰካኋት። ጢይይይት፣ ጢት፣ ጢት። ከአንድ የሞተ አሮጌ ኮምፒውተር ሌላ ካርድ ነቅዬ አስገባሁ። ጢይይይት፣ ጢት፣ ጢት። ካርድ የሌለው ሣጥንም ካርድ የሞላው ሣጥንም ያንኑ ይላል። ግራ ገባኝ።

የኔታ በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። «ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ።

«ባጃጅ ነው የኔታ» አልሁ። «ሌባ እንዳይነካው ማንቂያ አስገብተውለት ነው።»

ጆሯቸውን አዘነበሉና «የታመመ ባጃጅ ነው» አሉ።

ውሸት እንዲህ ነው የሚጀምረው፤ ማንም ሳያስገድዳችሁ። «ሣጥኑ ተበላሸ የኔታ» ብል ምን እሆን ነበር? ግን «በፍጹም አይረሳም» ያልሁት እኔ ነኝ፣ ፍላሽ ላይ ያልገለበጥሁትም እኔ ነኝ፣ የሦስት ወር ታሪካቸው ደግሞ የትም ሌላ ቦታ የለም። ጽሑፉን የያዘውን ሃርድ ዲስክ ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሞከር እንደሚቻል አላጣሁትም። ትምህርት ቤቱ ግን ለክረምት ተዘግቷል፤ ባልደረቦቼ ጋ እንዳልሄድ ደግሞ «እኔ የሠራሁት ኮምፒውተር ከፋብሪካው ይበልጣል» ብዬ ያወራሁላቸው ገና በሰኔ ነው። እስከ ከሰዓት ይድናል ብዬ ተውሁት።

ከሰዓቱ ደረሰ። የኔታ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ዝግጁ ነህ?» አሉኝ። «ዝግጁ ነኝ።» ሣጥኑ እንዳይጮህ አጥፍቼዋለሁ። እርሳቸው መናገር ጀመሩ፤ እኔም የሞተ ኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ ቀጭ ቀጭ ማድረግ ጀመርሁ። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሏችኋል ይኸ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ በደንብ አድርጌ ነው የመታሁት፤ ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ትልቋን ቁልፍ ጎላ አድርጌ እመታለሁ፣ አንዳንዴም የተሳሳትሁ መስዬ ወደ ኋላ እመልሳለሁ። ምን እንደተናገሩ ብትጠይቁኝ ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው አንድ ረጅም ሁለት አጭር ብቻ ነበር።

ሲጨርሱ «ጻፍኸው?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ የኔታ።»

ቀና ስል ጥሩዬ የጓዳው በር ላይ ሽንኩርት ይዛ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። የሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍሁት።

ሰኞ ዘለቀ ጋ ሄድሁ። ዘለቀ ወደ ደብረ ታቦር መታጠፊያው ላይ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ነው፤ የፎገራ ገበሬ ፓምፑ እምቢ ሲል ዘለቀን ይጠራል፣ ዘለቀም ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል። ሣጥኑን በባጃጅ ጭኜ ወሰድሁለት። ከፈተው፣ አሸተተው፣ ጆሮውን ለጠፈበት።

«ውኃ ወስዷል» አለ።

«ቤት ውስጥ እኮ ነው የተቀመጠው።»

«ክረምት ነዋ። ውኃ በር አያንኳኳም። አድርቀው።»

በምን እንደማደርቀው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም፤ ያው የፊዚክስ መምህር ነኝ። ቤት ስመለስ ስልኬ ላይ ፈለግሁና መፍትሔው ተገኘ። ውኃ የነካው ዕቃ ሩዝ ውስጥ ይቀበራል ይላል። ሩዝ እርጥበቱን ይመጥለታል። እስቲ አስቡት፣ ዓለም ሁሉ በፍለጋ የሚያገኘው መድኃኒት የእኛ ቤት በርሜል ሙሉ ተቀምጧል! የፎገራ ሰው ሩዝ አጥቶ ኮምፒውተር ሞተበት ቢባል ማን ያምናል?

ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው አንዲት ስልክ በአንዲት ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ ነው የሸፈናት። ያ ለሌላው አገር ነው። የእኛ አገር ሰው ሩዝ በሳህን አይቆጥርም። ጥሩዬ ገበያ ወጥታ ሳለ የሣጥኑን ክዳን ፈትቼ፣ ሰባቷን ብሎኖች የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼ፣ ግማሹን ሩዝ በማዳበሪያ አወጣሁ፤ ሣጥኑን እንዳለ በርሜሉ ውስጥ አስቀመጥሁና ሩዙን አለበስሁት። እንደ ጨረስሁ ላቤን ልጠርግ ኪሴን ብዳስስ ኪሴ ባዶ ነው። ጎንበስ ቀና ስል ብሎኖቹ አንድ በአንድ ሩዝ ውስጥ ገብተዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ አላልሁም። የቪዲዮው ሩዝ የተፈለፈለ፣ የታጠበ የሚመስል ነጭ ሩዝ ነው። የእኛ በርሜል ያለው ከማሳ እንደመጣ፣ ከነገለፈቱ፣ ከነጢሙ፣ ከነአቧራው ነው።

ጥሩዬ ተመልሳ በርሜሉን ከፈተች። የገመዱ ጫፍ ከሩዙ ላይ እንደ ቡቃያ ብቅ ብሏል። ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ሰብሉ መቼ ይደርሳል?» አለችኝ።

«በሦስት ቀን» አልኋት።

ሦስቱ ቀን አለፈ፤ እኔ ለመተማመኛ ብዬ ሳምንት አደረግሁት። ሁለተኛው ቅዳሜ ስለዚህ የመጣው ኮምፒውተሩ በርሜል ውስጥ ሳለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኪቦርድ ብቻ ነው፤ ገመዱም ወደ ወለሉ ተንጠልጥሎ የትም አልተሰካም። «ዝግጁ ነህ?» «ዝግጁ ነኝ።» ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ያን ቀን የኔታ መካከል ላይ ሲደርሱ ሣቅ አሉ። እኔም ደንብ ነው ብዬ ሣቅሁላቸው። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረግ አደረጉ። ጥሩዬ ከጓዳ ወጥታ በር ላይ ቆማ፣ አንዴ እርሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች።

«ጻፍኸው?»

«ጽፌዋለሁ የኔታ።»

ጥሩዬ የጓዳውን በር ዘጋች፤ ቀስ ብላ አይደለም።

በማግሥቱ እሑድ ለምሳ ከበርሜሉ አፍ የተቀዳ ሩዝ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ተሠርቶ ቀረበ። የኔታ ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያላምጡ ቀጥ አሉ። ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደው አንዲት ነገር አወጡ፤ በሁለት ጣት አሻሿት፣ ጫፏን በጥፍራቸው ሞከሩት።

«ልጄ፣ ዘንድሮ ሩዙ ብረት አፈራ» አሉ።

«የማዳበሪያው ጉዳይ ይሆናል የኔታ» አልሁ። ከየት እንደማመጣው እኔም ይገርመኛል።

ጥሩዬ ብሎኗን ተቀብላ አጠበቻትና ከፊቴ አስቀመጠቻት። «አንድ» አለች።

ያን ዕለት ሣጥኑን ከበርሜሉ አወጣሁት። ባነሣሁት ቁጥር ሩዝ ይረግፋል፣ ባዘነበልሁት ቁጥር አቧራ ይወጣል። አበራሁት። ጢይይይት፣ ጢት፣ ጢት። ልዩነቱ አሁን ማራገቢያው ውስጥ የገባው ሩዝ ጠርጠር ጠርጠር ማለቱ ብቻ ነው። ካርዷን ለሦስተኛ ጊዜ ለወጥሁ። የመብራት ገመዱን ለወጥሁ። የጠረጴዛውን ቦታ ለወጥሁ። ልብሴንም ለወጥሁ፤ ለምን እንደሆነ አሁን አላስታውስም።

«ባጃጁ ገና አልዳነም?» አሉ የኔታ ከበረንዳ።

«ገና ነው የኔታ። መለዋወጫ እየጠበቁ ነው።»

ሦስተኛው ቅዳሜ መጣ። ያን ቀን የኔታ በጣም ቀስ ብለው ተናገሩ። ቃል ይጥላሉ፣ ይጠብቃሉ፤ ቃል ይጥላሉ፣ ይጠብቃሉ። እኔም የልቤን እያሰብሁ፣ እርሳቸው ዝም ባሉበትም ቀጭ ቀጭ አደርግ ነበር መሰለኝ። ሲጨርሱ «ጻፍኸው?» አሉኝ። «ጽፌዋለሁ።» «አራት ነጥቡንም?» «አራት ነጥቡንም የኔታ።» ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወጡ።

ጥሩዬ ጠረጴዛው አጠገብ መጣችና «ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለችኝ። እኔ እንኳ እያደረ ሲከብደኝ ነበር።

አራተኛው ቅዳሜ። የኔታ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹና «ዛሬ አልናገርም፤ ያለፉትን ሦስት ቅዳሜዎች አንብብልኝ» አሉ።

ምን ላድርግ? ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የጨለመ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ማንበብ ጀመርሁ። «በዚያን ዘመን» አልሁ፤ በዚያን ዘመን ያልተደረገ ነገር የለምና። በዚያን ዘመን እኔ መሪጌታ አስረስ የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሳለ ልሻገር ብዬ ብገባ፣ ውኃው ወሰደኝ። ከዚያ አንድ ግንድ ያዝሁ። ግንዱ ላይ ለካ ጅብ ተቀምጧል። እኔ በአንዱ ጫፍ፣ ጅቡ በሌላው ጫፍ ሆነን ጣና ድረስ ወረድን። እዚህ ስደርስ ጅቡን ምን ላድርገው ጨነቀኝ። «ጅቡም ሰላም ብሎኝ ሄደ» ብዬ ዘጋሁት።

ከጓዳ የሆነ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ጥሩዬ ስትሥቅ ዕቃ መያዝ አትችልም።

የኔታ አገጫቸውን በበትራቸው ላይ አሳርፈው «ጅቡን እኔ ነኝ ያልሁት?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት የኔታ።»

«ደኅና ኖሬአለሁ ለካ» አሉ። ከዚያ «ሣጥኑን አብራው» አሉኝ።

«የኔታ፣ አሁን…»

«አብራው። ድሮ ስትጽፍ ያንኮራፋ ነበር። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ትንፋሹን አልሰማሁም። ዓይኔ ነው የጠፋ እንጂ ጆሮዬ እኮ አልጠፋም።»

አበራሁት። ሣጥኑ ጮኸ፣ መስመሯ ብቅ ብላ ደረቀች።

«ስንት አለ?» አሉኝ።

«አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።»

«ሦስት አጭር ነው።»

«ሁለት ነው የኔታ፣ ወር ሙሉ ስቆጥረው…»

«ሦስት ነው። ሦስተኛዋ ለስለስ ትላለች፤ ጎረቤት ያለው የሩዝ ወፍጮ ይውጣታል። አንተ ደግሞ ሁለት ስትሰማ ሦስተኛዋን አትጠብቃትም። አርባ ዓመት ተማሪ ሳስተምር ይኸው ነው፤ የዜማውን መጨረሻ የማይበላ ተማሪ አላየሁም። እንደገና አብራውና እስኪጨርስ እጅህን ሰብስበህ ስማ።»

እጄን ሰብስቤ ሰማሁ። ጢይይይት። ጢት። ጢት። ከዚያ የወፍጮው ጉርምርምታ ውስጥ፣ እንደ ጫጩት ከእናቷ ክንፍ ሥር፣ አንዲት ቀጭን ጢት። ሦስት!

ስልኬን ከፈትሁ። አንድ ረጅም፣ ሦስት አጭር፤ ጥፋቱ ራም ነው ይላል። ራም ማለት ኮምፒውተሩ የያዘውን ለጊዜው የሚያስታውስባት ቀጭን ሰሌዳ ናት። ወር ሙሉ ደኅናዋን ካርድ ሳሠቃያት የታመመችው ከጎኗ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። ሰሌዳዋን መዘዝኋት። የተሰካችበት ቦታ የወፍጮው አቧራ እንደ ዱቄት ተጋግሮበታል፤ በአቧራው ላይ እኔ የጨመርኋት የሩዝ ገለፈት ጢሟን አቁማ ተሰክታለች። ጥሩዬ ሳልጠራት የዶሮ ላባ ይዛ መጥታ ጠራረገችው። እኔ የሰሌዳዋን ጥርሶች በላጲስ አሸሁ። መልሼ ሰካሁና አበራሁት።

ጢት። አንዲት አጭር ብቻ። ስክሪኑ በራ። የኔታ ታሪክ እንዳለ አለ!

እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። «የኔታ፣ አለ! ሁሉም አለ!» ብዬ ጮህሁ። «የመጨረሻውን አንብብልኝ» አሉ። አነበብሁ። «ጥሩዬ አደገች፤ ሽማግሌዎችም ደጃፌን ማንኳኳት ጀመሩ።» እዚያ ላይ ጽሑፉ ያበቃል። ከዚያ በታች ነጭ ነው።

የኔታ «ከዚያስ?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። በትራቸውን ይዘው ተነሡ፤ «መልካም» አሉና ወደ በረንዳቸው ወጡ። በቁጣ ቢያልፉ ይሻለኝ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኮምፒውተሩን አብርቼ ብጠብቅ «ደክሞኛል» አሉ። ከዚያ በሚቀጥለውም «ደክሞኛል»። ሣጥኑ እያንኮራፋ፣ ታሪኩ ግን ቆመ።

ጥሩዬን ለመንኋት። «ሰምተሽ የለ፣ ምን ነበር ያሉት?»

«ጽፈኸዋል አይደል?» አለች። «አንብበው።»

«በሞቴ።»

«መጀመሪያ ከሩዜ ውስጥ ብሎንህን ልቀምልኝ። ሰባተኛዋን ያገኘህ ዕለት እነግርሃለሁ።»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በርሜል ሙሉ ሩዝ በሰፌድ እያፈሰስሁ ስለቅም ዋልሁ። በሁለተኛው ቀን ሦስት ተገኙ። በሦስተኛው አንድ። በአራተኛው ቀን ስድስተኛዋ። ሰባተኛዋ እምቢ አለች። ሰፈሩ ሁሉ የፊዚክስ መምህሩ ሩዝ ሲለቅም ሊያይ በአጥር ያልፋል፤ ባለ ዶሮዋ ጎረቤቴ እንኳ «ትንሽ ትረፍ» አለችኝ።

በስድስተኛው ቀን፣ የመጨረሻው ሰፌድ ላይ፣ አገኘኋት። ጥሩዬ መዳፏ ላይ ተቀብላ አየቻትና አጠገቤ ተቀመጠች።

«እንግዲህ ስማ» አለች። «አባየ ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ጊዜ ነበር የሚናገሩት። እንዲህ አሉ፦ ‹ለልጄ ብዙ ሽማግሌ መጥቷል። ሁሉም ለላካቸው ሰው ያለውንም የሌለውንም ቆጥረውልኛል። የተዋሸለትን ውሸት ሊያነሣ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ የመጣ ግን አንድ ሰው ነው። እግርህን ታጠብ ብዬው ጓዳ ገባሁና ለእናቷ፣ ልጅሽ ባል አገኘች አልኋት።›»

ሰፌዱ ከጉልበቴ ላይ ወረደ።

«ይኸ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው» አልኋት። «ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውም ይኸው ነው። ሦስተኛውም ይኸው ነው። ሦስት ጊዜ አንዱን ነገር ነው የነገሩህ። መምታትህን ትተህ ቀና እስክትል ይጠብቁህ ነበር። ሲጨርሱም ‹ጻፍኸው?› ይሉህ ነበር።»

ተነሣሁ። ልብሴ ላይ ገለፈት እንዳለ ነው። የኔታ በረንዳው ላይ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ቆምሁ።

«የኔታ» አልኋቸው፤ «ሦስቱን ቅዳሜ አንድም ቃል አልጻፍሁም። ሣጥኑ ተበላሽቶ ነበር፤ ዝም ብዬ ኪቦርዱን ስመታ ነበር። ባጃጁም ውሸት ነው፣ ማዳበሪያውም ውሸት ነው፣ ጅቡም ውሸት ነው።»

የኔታ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዬን ዳበሱ፣ ከዚያ እጄን።

«ዛሬስ ጭቃው እስከ የትህ ደረሰ?» አሉኝ።

«እስከ አንገቴ፣ የኔታ።»

«በል ግባ፣ ታጠብ» አሉኝ። «ከዚያ እንጽፋለን።»